የእርጥብ ፎጣ ኩላሊት

አጎቴ የደም ብዛት ክኒናቸውን ያቆሙት ከእኔ አፍ በወጣ ቃል ነው። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ግማሹ ንዴት በራሴ ላይ ነው፤ የቀረው ያንን ቃል አንሥቶ በነገደበት ሰው ላይ።

ደብረ ታቦር ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ወደ እብናት በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ባለ ቀበሌ ገብስና ስንዴ ያርሳሉ። ከተማ ሲወጡ እኔ ቤት ያርፋሉ። ቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ደግመዋል እንጂ አስኳላ አልገቡም፤ ጥያቄያቸው ግን ከተማሪዎቼ ጥያቄ ይከብዳል። ካቻምና ክረምት ሊገባ ሲል የፈተና ወረቀት ሳርም አገኙኝና አጠገቤ ተቀመጡ።

«ይኸ የምታስተምሪው ነገር ምን ይላል?» አሉኝ።

ደስ አለኝ። የትምህርት ቤቱ ባልደረቦቼ እንኳ እንዲህ ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም። ብዕሬን አስቀምጬ ኳንተም ስለሚባለው ትምህርትና ስለ ኤሌክትሮን ነገርኳቸው። በነገር ሁሉ ውስጥ ያለች ደቃቅ ቅንጣት እንደሆነች፣ ያለችበትን ቦታና ፍጥነቷን ሁለቱንም ባንድ ጊዜ አጥርቶ ማወቅ እንደማይቻል፣ ከመለካቷ በፊት «እዚህ ናት» ማለት እንኳ እንደሚያስቸግር አስረዳኋቸው።

«መሣሪያችሁ ደካማ ቢሆን ነዋ!»

«አይደለም ጋሼ። ከዚህ የተሻለ መሣሪያ ቢሠራም ያው ነው። ነገሩ ራሱ እንዲያ ነው።»

«እንግዲያ ሳይንስም የማያውቀው አለ።»

«አለ እንጂ! ብዙ አለ።»

«ተመስገን» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ወደ እርማቴም ተመለስሁ። የጎደለውን አልጨመርኩበትም።

መስቀል ካለፈ በኋላ ከገበያው ማዶ ባለ አንድ ኪራይ ቤት በር ላይ ትልቅ ጨርቅ ተሰቀለ። «በኳንተም ፊዚክስ ሙሉ ምርመራ። ያለ ደም፣ ያለ መርፌ» ይላል። በባጃጅ ሳልፍ አይቼው ጥርሴን ነክሼ አለፍሁ። ሰው ይህን ያምናል ብዬ አላሰብኩም። አጎቴ ግን በገበያ ቀን አዩትና ልባቸው ሞቀ። የእህታቸው ልጅ የምታስተምረው ነገር ነው! ገቡ። ቤቱን የተከራየው ሰው የብረት ዘንግ አስጨበጣቸው፣ ዘንጉ በገመድ ከላፕቶፕ ጋር ተያይዟል፣ ደቂቃ ሳይሞላ ማሽኑ ወረቀት አወጣ። ልብ ጤነኛ፣ የደም ሥር ንጹህ፣ ጉበት ግን በክኒን ብዛት ተጎድቷል። በኳንተም ኃይል የተሞላ ነው የተባለ ውሃ በጠርሙስ ተሰጣቸው፣ ክኒኑን እንዲተዉም ተነገራቸው። እኔ ያን ቀን ትምህርት ቤት ነበርሁ። አጎቴ ሳያዩኝ ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ይህን ሁሉ የሰማሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ማለዳ ባለቤታቸው ደወለችልኝ።

«አፋቸው ተጣመመ። ግራ እጃቸው አልታዘዝ ብሏል። ድረሽልን!»

መኪና ይዤ ሄድሁ። ጎረቤቶች በቃሬዛ እስከ መንገዱ አውጥተው ቆዩኝ። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ የደም ግፊታቸውን ለካና ፊቱ ተለወጠ። «ክኒን አይወስዱም?» አለ። ባለቤታቸው አንገቷን ደፍታ «ከተዉት ሦስት ሳምንታቸው ነው» አለች። አጎቴ በቀኝ እጃቸው ከካፖርታቸው ኪስ ያን ወረቀት አወጡና ለእኔ ሰጡኝ። በፌስታል ጠቅልለው፣ እንደ ክታብ ጠብቀው ይዘውት ኖሯል።

«ያንቺ ትምህርት ነው» አሉኝ፤ ምላሳቸው እየተሳሰረ። «ኳንተም።»

እንደ ወቀሳ አልነበረም። እንደ ኩራት ነበር። ያ ነው የቆረጠኝ።

በማግሥቱ ሰውየውን ለመክሰስ ወደ አንድ የጤና ቁጥጥር ቢሮ ሄድሁ። ጠረጴዛው ጀርባ የተቀመጠው ሰው ወረቀቱን አገላብጦ አየና «መድኃኒት ይሸጣል?» አለኝ።

«ውሃ ነው የሚሸጠው። ግን ክኒን ያስቆማል።»

«ውሃ ከሆነ እኛን አይመለከትም።»

የንግድ ፈቃድ ወደሚሰጠው ወደ ሁለተኛው ቢሮ ሄድሁ። እዚያ ደግሞ «ምርመራ ከተባለ ወደ መጀመሪያው ይሂዱ» አሉኝ። ሰው በአልጋ ላይ ግማሽ አካሉ ዝሎ ተኝቷል፤ እኔ ከበር ወደ በር እንደ ኳስ እመታለሁ። ሁለተኛው ቢሮ ደጅ ላይ ቆሜ በንዴት አለቀስሁ። ከዚያ ቤቴ ገባሁና አንዲት ትንሽ የእጅ ፎጣ በውሃ ነከርሁ።

ያ ማሽን ሰውን ከዕቃ እንደማይለይ ጠርጥሬ ነበር። ዘንጉ እርጥበት ካገኘ ኤሌክትሪክ ያልፋል፤ የቀረውን ላፕቶፑ ራሱ ይጽፈዋል። ነጠላዬን ተከናንቤ ሰልፍ ያዝሁ። ከፊቴ ጨርቅ የምትነግድ ሙስሊም እናት፣ ከኋላዬ ከገጠር የመጡ አንድ ሽማግሌ አሉ። ባለማሽኑ ነጭ ጋውን ለብሷል፤ አነጋገሩ ለስላሳ ነው። ተራዬ ሲደርስ ዘንጉን ተቀበልሁና በነጠላዬ ሥር በእርጥቡ ፎጣ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ ተውሁት። እጆቼ ባዶ ናቸው።

ወረቀቱ ወጣ።

«ኩላሊትሽ ደከም ብሏል እህቴ» አለኝ በሐዘኔታ። «ማህፀንሽም ቅዝቃዜ አለው።»

ነጠላዬን ገለጥሁት። ሰው ሁሉ አየ።

«ይኸ የፎጣዬ ኩላሊት ነው!» አልሁ። ድምፄ ከወትሮው በላይ ነበር። «ፎጣዬ ማህፀን አላት?»

ሳቅ ፈነዳ። ወረቀቷን ተቀብላ ጥግ የተቀመጠችው ጨርቅ ነጋዴ «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ብላ ተነሥታ ወጣች። ሁለት ሰዎች ተከተሏት። እሱ ግን አልደነገጠም። ቀስ ብሎ ፎጣዬን አነሣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ምን ተምረሻል?» አለኝ።

«ፊዚክስ አስተምራለሁ።»

«ታዲያ አንቺው ንገሪን! ሳይንስ ሁሉን ያውቃል? ኳንተምን ያገኙት ሊቃውንት ራሳቸው አናውቅም ብለው የለ?»

ሰዉ ወደ እኔ ዞረ። የራሴ ቃል ነበር። ለአጎቴ የሰጠሁት ቃል ከዚህ ሰው አፍ ሲወጣ ሰማሁት።

«አናውቅም ያሉት ስለ ኤሌክትሮን ነው!» አልሁ። «እሱንም ምን ያህል እንደማናውቅ በሒሳብ ወስነው ነው ያስቀመጡት። የሰው የደም ግፊት ግን ክንድ ላይ በሚታሰር ጨርቅ ይለካል፤ ተለክቶም ይታወቃል። አንተ ሳትለካ ንጹህ ነው ብለህ የጻፍክለት ሰው አሁን ሆስፒታል ተኝቷል!»

ተናግሬ ሳልጨርስ ከኋላዬ የነበሩት ሽማግሌ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ ተነሽልኝ፤ ተራዬ ነው። አገሬ ሩቅ ነው።»

ተነሣሁ። ተቀመጡና እጃቸውን ዘረጉ። ባለማሽኑ ዘንጉን በጋውኑ ጫፍ ጠርጎ አስጨበጣቸው።

ያን ቀን የተናደድሁትን ያህል በሕይወቴ ተናድጄ አላውቅም። በሽማግሌው አልነበረም። ሐኪም ቤት ሄደው ቀኑን ሙሉ ቢጠብቁ ማንም ቀና ብሎ አያያቸውም ይሆናል፤ ይኼኛው «አባቴ» ብሎ ወንበር ሰጣቸው። የተናደድሁት ሳይንስ በታማኝነት «እስከዚህ ነው የማውቀው» ብሎ ያስቀመጠውን አጥር ይኼ ሰው በር አድርጎ ስለገባበት ነው።

ከወር በኋላ ጨርቁ ከበሩ ላይ ወረደ። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ሰውየው ሐሙሲት ገበያ ታየ ተባለ። በኋላም ዋንዛዬ ፍልውሃ ደጅ፣ ሰው ከሕመሙ ሊፈወስ በሚሰበሰብበት ቦታ፣ ማሽኑን ዘርግቶ እንደተቀመጠ ሰማሁ። ማንም በሕግ አልጠየቀውም።

አጎቴ ከሆስፒታል የሚወጡ ዕለት ሐኪሙን «እጄ ይመለሳል?» አሉት። ወጣት ሐኪም ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«አባቴ፣ አላውቅም» አለ። «እንደ እርስዎ ካሉት ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይሻላቸዋል። እጅዎን በየቀኑ ካሠሩት፣ ክኒኑንም ካላቋረጡ ተስፋ አለ። ምን ያህል እንደሚመለስ ግን ልነግርዎ አልችልም።»

መኪና ስንጠብቅ አጎቴ «ይኸም አላውቅም አለኝ» አሉ። «አንቺም አናውቅም ብለሽኝ ነበር። ያም ሰውዬ ሳይንስ አያውቅም ነው ያለኝ። በምን ልለያችሁ?»

«ሐኪሙ የሚያውቀው የት ድረስ እንደሆነ፣ ከየት ጀምሮ እንደማያውቅ ለይቶ ነገረዎ ጋሼ። ያኛው ሰው ሳይንስ አያውቅም ካለ በኋላ፣ እኔ ግን አውቃለሁ አለ።»

ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ላይ አድርገው አሰቡ።

«ታዲያ ያን ቀን እንዲህ ብለሽ ለምን አልጨረሽልኝም?»

ወረቀት እያረምሁ ነበር ልበል?

ያን ዓመት ሰብላቸውን ጎረቤት በደቦ አጨደላቸው። ዘንድሮ ማሳቸውን የእኩል ሰጡ፤ ጠዋት ጠዋት ክኒናቸውን ውጠው ድንበሩ ላይ ተቀምጠው ሌላ ሰው ሲያርሰው ያያሉ። ግራ እጃቸው ብርጭቆ ያነሣል፣ እርፍ ግን አይጨብጥም። ባለፈው ሳምንት ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። ስለ ኤሌክትሮኗ ደግሜ እንድነግራቸው ጠየቁኝ፤ በዚህ ጊዜ ግን የምናውቀውን አስቀድሜ። ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ነገርኳቸው፤ የመጨረሻውም ሚኒባስ አመለጠኝ።