መንገድ የሌላት ግራጫ ቦታ

ሰፈሩ ሁሉ «መቀስ» ይላታል። ልብስ ሰፊ ስለሆነች ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ አፏም ይቆርጣል። ቀሚሱ ጠበበኝ ብላ የመጣችን ደንበኛ «ቀሚሱማ እንደነበረ ነው፣ አንቺ ነሽ የሰፋሽው» ብላ የምትመልስ ሴት ናት። ደንበኛዋም እየሳቀች ለብሳው ትሄዳለች፤ ምን ታድርግ፣ እጇ ወርቅ ነው። ታዲያ ይህቺ እሳት የላሰች ሴት ጥፍር በምታህል ግራጫ ቦታ ፊት ተቀምጣ ግራ ገባት ቢባል ማን ያምናል?

ነገሩ የመጣው ከታላቅ ወንድሟ ነው። «ወንድም ጋሼ» ነበር የምትለው። ሞባይል ጠጋኝ ነበር፣ አንገቱን ደፍቶ የሚሠራ፣ ዝምተኛ ሰው። ከሰው ጋር ብዙ ስለማይገጥም ጨዋታው ኢንተርኔት ላይ ነበር። የጦርነት ጨዋታ ነው፤ የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ ካርታ ላይ ወታደሮቻቸውን ያሰፍራሉ፣ አንዱ የሌላውን ቦታ ይነጥቃል፣ ሁሉን የጠቀለለ ያሸንፋል። አንድ ጥብቅ ሕግ አለው፤ ከያዝከው ቦታ ስትወጣ ቢያንስ አንድ ወታደር ትተህ ነው የምትሄደው። ካርታዎቹን የሚሠሩት ራሳቸው ተጫዋቾቹ ናቸው። ወንድም ጋሼም ሳሉ ጠንቶበት አልጋ ከያዘ በኋላ አንድ ካርታ ጀመረ፤ ያደጉበትን የወንዝ ዳር አገር። ጨርሶ ለሙከራ በላከ በሳምንቱ ዐረፈ።

መቀስ ክፍሉ ገብታ ላፕቶፑን የከፈተችው ነገሩን ሁሉ ልትዘጋለት ነበር። ጨዋታው በሱ ስም በራሱ ተከፈተና «እንኳን ደህና መጣህ» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ። ክው አለች። እንኳን ልትዘጋው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት የስፌት መኪናዋ ላይ ከመቀመጧ በፊት ያቺን ቃል ለማየት ብቻ ትከፍተው ጀመር። እናቷም በበሩ ሲያልፉ አይተው እንዳላዩ ይሆናሉ። ሆድ ይፍጀው ብለው የሚኖሩ ሰዎች ናቸው።

አንድ ጠዋት ከሰላምታው ሥር ሌላ ነገር ተጨምሮ አገኘች። ካርታዎችን የሚመረምረው ሰው፣ ዳኛ የሚሉት፣ ጽፏል። «ወንድሜ፣ ካርታህ ግሩም ነው፤ ጨዋታው ግን አላልቅ አለ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞካሪዎቹ ተጫውተው ተጫውተው አንዱ ሁሉን ጠቅልሏል፤ «ግትር» የሚባል ተጫዋች ሦስት ወታደሮች ብቻ ቀርተውታል። ሦስቱም ከመጀመሪያው በሰፈሩባት፣ ወንዙ ዳር ባለች ግራጫ ቦታ ውስጥ ናቸው። ማንም ወደ እነሱ መግባት አይችልም፣ እነሱም መውጣት አይችሉም። በካርታ ሥራ መስመር መሳል ብቻውን አይበቃምና። ይህ ቦታ ከዚያኛው ጋር ይገናኛል ብሎ እያንዳንዱን ጎረቤት ለማሽኑ መንገር ያስፈልጋል፤ ካልተነገረለት፣ ጎን ለጎን ቢተኙም አይተዋወቁም። መቀስ ይህ ወዲያው ነው የገባት። ሁለት ጨርቅ ጎን ለጎን ስላስቀመጡት ተሰፋ አይባልም።

«ረስተኸው ይሆናል» ይላል ዳኛው። «እስከ ዓርብ አያይዘው። አለበለዚያ ካርታው ከነስምህ ይሰረዛል።»

ከነስምህ። ወንድም ጋሼ ልጅ አልወለደ፣ ቤት አልሠራ፤ በዚህ ዓለም ላይ ስሙ የተጻፈበት ሥራ ቢኖር ይሄ ነው። «እሺ» ብላ መለሰች፣ በሱ ስም። ከጻፈችው በኋላ የሟች ልብስ ለብሳ አደባባይ የወጣች ያህል ተሰማት።

ከዚያ ካርታውን ማገላበጥ ያዘች። ወፍጮ ቤቱ ከድልድዩ ተያይዟል፣ ድልድዩ ከገበያው፣ ገበያው ከጡብ ፋብሪካው፣ ጡብ ፋብሪካው «ቤታችን» ከሚለው። ሁሉም ስም አለው። ያቺ ግራጫዋ ብቻ ስም የላትም። ረሳ? ወንድም ጋሼ? የሰው ስልክ ሲፈታ ብሎኖቹን በሰልፍ ደርድሮ፣ አንድ ብትጎድል እህል የማይቀምስ ሰው! ጥርጣሬ ልቧን ወጋ አደረገው። ሆኖም ማውሱን ወደ ግራጫዋ ገፋ አደረገችው። ይሄኔ የተቀመጠችበት የወንድሟ ወንበር ሲጢጥ አለ፤ እሱ ወደ ኋላ ሲንጋለል እንደሚለው፣ ልክ እንደዚያ። እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም ነበር። ወንበሩ አርጅቷል እንበል፤ እሷም ለራሷ እንደዚያ ነው ያለችው። ማያያዙን ግን ለሌላ ቀን አለችው።

ቀናቱ ሄዱ። በመጨረሻ መላ መታች። ማያያዝ ቀርቶ ግራጫዋን ከጡብ ፋብሪካው ጋር ቀላቅሎ ማጥፋት ነው፤ ቀዳዳ በእራፊ እንደሚደፈን። ልትጀምር ስትል ከኋላዋ የእናቷ ድምፅ መጣ።

«ይሄ ወንዛችን አይደል?»

«ወንዛችን ነው እማዬ። ወንድም ጋሼ ነው የሠራው።»

እናቲቱ መነጽራቸውን አስተካክለው ተጠጉ። ጣታቸው ወንዙን ተከትሎ ወፍጮ ቤቱን አለፈ፣ ድልድዩን አለፈ፣ ግራጫዋ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«እዚህ ጋ ለምን ስም የለውም?»

«እኔም እሱን ነው የምጠይቅሽ። ምን ነበር እዚህ?»

«ካባው ነዋ» አሉ፤ ድንጋይ የሚፈለጥበት ገደል ማለታቸው ነው። ያ ቃል በዚያ ቤት ተነግሮ አያውቅም። አባቷ ገደሉ ተንዶበት እንደቀረ፣ አስከሬኑም እንዳልወጣ መቀስ ታውቃለች፤ ከዚያ በላይ ጠይቃ አታውቅም። ያን ጊዜ ጡት የምትጠባ ሕፃን ነበረች።

እናቲቱ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። «ወንድምሽም እዚያ ነበር። አንቺን ለጎረቤት ትቼ፣ እሱን አስከትዬ፣ ለአባትሽ ምሳ ይዘን ሄድን። አፋፉ ላይ ስንደርስ ተናደ። ልጁ ሮጠ። ሸሚዙን ያዝኩት፣ ተቀደደ፤ ወገቡን ያዝኩት። ‹እማዬ ልቀቂኝ፣ እየጠራኝ ነው፣ ይሰማኛል› ይላል። ምንም አይሰማም አልኩት።»

«እና?»

«እናማ ዕድሜውን ሙሉ ጠየቀኝ። ሊሞት ሲል እንኳ፣ ‹እማዬ፣ እውነት አልሰማሽም ነበር?› አለኝ። አልሰማሁም አልኩት።»

መቀስ አሁን ገባት። ወንድም ጋሼ አልረሳም፤ እንዳይገባበት የተከለከለውን ቦታ ማንም እንዳይገባበት አድርጎ ዘግቶት ነው። እንደዘጋው ብትተወው ስሙ ይጠፋል፤ ብትከፍተው ደግሞ እሱ በሕይወቱ ያልደፈረውን በሞተ ሰው ስም መድፈር ሊሆን ነው። «ምን ላድርግ እማዬ? ነገ ዓርብ ነው!» አለች፤ ያቺ መልስ የማታጣ ሴት።

«ክፈቺው» አሉ እናቲቱ። «እዚያ ተዘግቶበት መኖሩ ይበቃዋል።»

«ከየት ጋር ላያይዘው?»

«ከቤታችን ነዋ! ምሳውን ይዘን የወጣነው ከቤታችን አይደል? መሄጃም መመለሻም አድርጊለት።»

መቀስ አያያዘችው። ማሽኑ ስም ጻፍ ሲላትም «ካባው» ብላ ጻፈች። ወንበሩ ሲጢጥ ይላል ብላ ጠበቀች፤ አላለም።

በማግስቱ ስፌቷን ለምሳ አቁማ ከእናቷ ጋር ላፕቶፑን ከፈቱ። ዳኛው ካርታውን አጽድቆታል፤ የተቋረጠው ጨዋታም በተስተካከለው ካርታ ላይ ቀጥሏል። ሲያዩ ግትር ተንቀሳቅሷል፤ ሁለቱ ወታደሮቹ «ቤታችን» ላይ ቆመዋል። ከሥር ቀልዱን ጽፏል፦ «ተመስገን! ታፍኜ ልሞት ነበር እኮ!»

መቀስ ጮክ ብላ ማንበብ ጀምራ መሃል ላይ ተወችው። ብድግ ብላ በመስኮት ወደ ውጪ ማየት ጀመረች።

እናቲቱ ግን ዓይናቸውን ከካባው ላይ አልነቀሉም። «ሦስት አልነበሩም እንዴ?»

«ሦስት ነበሩ።»

«አንዱን ለምን ትተውት ወጡ?»

«ሕጉ ነው እማዬ። አንድ ሰው መቅረት አለበት።»

እናቲቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ማንም ያልጠየቃቸውን ተናገሩ። «ይጣራ ነበር።»

«ማን?»

«አባትሽ። ከሥር፣ ልጁን በስሙ ይጠራ ነበር። ብለቀው ሁለቱንም አጣለሁ ብዬ ነው አልሰማሁም ያልኩት።»

መቀስ ከመስኮቱ ዘወር አለች። እናቲቱ እንደምንም ተነሥተው ባዶውን የልጃቸውን ወንበር ተጠጉ፤ መደገፊያውን፣ የሰው ትከሻ እንደሚይዙ፣ ያዙት።

«ልጄ» አሉ፣ «እውነትህን ነበር። እኔም ሰምቼዋለሁ።»