ባዶው ድንኳን

ሃምሳ አለቃ አጥናፉን የጉለሌ ሰው «ጀግናው» እያለ ይጠራዋል። ዕድሜውን በውትድርና ፈጅቶ በተመታ እግሩ እያነከሰ ሲመለስ፣ ከአዲሱ ገበያ ከፍ ብሎ ያለው ሰፈር እልል ብሎ ነው የተቀበለው። እሱ ግን «ጀግናው» ሲሉት መንገድ ይቀይራል።

ከመመታቱ በፊት ከጓዶቹ ጋር በምዕራብ በኩል አንዲት የቆላ መንደር ይጠብቁ ነበር። ታጣቂዎች በአካባቢው ይዞራሉ፤ ጦሩ ከሰፈረ ወዲህ ግን መንደሯን የደፈረ የለም። ነገራ የሚባል ገበሬ ሽንኩርት እያመጣ ይሸጥላቸዋል። ሰውዬው ጨዋታ አዋቂ ነበርና ከአጥናፉ ጋር ስልክ እስከ መለዋወጥ ተወዳጁ።

አንድ ቀን አዛዡ በሥሩ ያሉትን አለቆች ሰበሰበ። «ሌላ ግንባር ሰው አንሷል። ሊነጋጋ ሲል እንንቀሳቀሳለን። ለጊዜው ነው፤ ቢበዛ ሁለት ሳምንት። ድንኳኑ እንደተተከለ ይቆይ። የመንደሩ ሰው እንዳይሰማ።»

«መንደሩን ማን ይጠብቃል ጌታዬ?» አለ አጥናፉ።

«ድንኳኑ» አለ አዛዡ። ቀልዱን አልነበረም።

ማታውን ነገራ ሽንኩርቱን አራግፎ፣ «ነገስ ላምጣ?» ሲል ጠየቀ።

«እንደ ልማድህ» አለው አጥናፉ።

ሁለቱ ሳምንት ወራት ሆነ። ከዚያ ግንባር ወደ ሌላ፣ ከሌላው ደግሞ ወደ ባሰበት ተላኩ። አጥናፉ ተመትቶ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ነው መንደሯ መቃጠሏን የሰማው። የነገራን ስልክ ደጋግሞ ሞከረ፤ ዝግ ነው። ቤቱ ከገባ በኋላ ግን አንድ ቀን ጠራ። ያነሳችው ሴት ልጅ ነበረች።

«አባዬ የለም» አለች። «ማን ልበል?»

«አጥናፉ ነኝ። ወታደሩ።»

 «ሰዎቹ ሲመጡ እኛ ወደ ወንዙ ሮጥን» አለች። «አባዬ ወደ እናንተ ነው የሮጠው። ድንኳኑን አይቶ ያላችሁ መስሎት። እዚያው ነው ያገኙት።»

ስልኩ ተዘጋ።

ሚስቱ የሺ የሰማውን ሲነግራት እጁን ያዘችው። «አንተ ምን ታደርግ? ታዘህ ነው።»

«የታዘዝኩት ዝም በል ተብዬ ነው» አላት። «ሽንኩርት አምጣ ያልኩት ግን እኔ ነኝ።»

 የሺ ለነገራ ነፍስ ጸሎት እንዲያስደርግ መከረችው። በማግስቱ እግሩን እየጎተተ እንጦጦ ማርያም ወጣ። የካህኑን መስቀል ተሳልሞ፣ «አባ፣ ለሞተ ወዳጄ ፍትሐት እንዲያደርሱልኝ ነበር» አለ።

«የክርስትና ስሙ ማነው ልጄ?»

 አጥናፉና ነገራ ስለ በሬዎቹ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ስንቱን አውርተዋል። ክርስቲያን ይሁን እስላም፣ ወይ ጴንጤ፣ አንድም ቀን አልጠየቀውም።

«ነገራ ነው የሚባለው።»

«እሱ የዓለም ስሙ ነው። ዘመዶቹን ጠይቀህ ና።»

አጥናፉ ከቅጥሩ ወጥቶ ለልጅቷ ደወለ። ጠራ፤ አልተነሳም። ደግሞ ሞከረ። በሦስተኛው ዝግ ሆነ። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ቁልቁለቱን ሲወርዱ መንገድ ለቀቀላቸውና፣ አጥሩን ተደግፎ እንደገና መደወል ጀመረ።