ባል የሆንሁበት ቀን

ያን ጧት ገብስ ስሸከሽክ ነበር። ሁለት ታጣቂዎች መጡና ነይ ትፈለጊያለሽ አሉኝ። ሙቀጫው ውስጥ ያለውን ልጨርስ ብላቸው እምቢ አሉ። ጥፋቴ ለወንበዴ ስንቅ አቀብለሻል ነው። ውሸት አልነበረም፤ በሶ ሰጥቻለሁ። የራበው ሰው ደጄ ቢመጣ ማን ነህ ብዬ አልጠይቅም።

ካገሬ ከጊች ቀኑን ሙሉ አስኪደው ደባርቅ አወረዱኝ። እስር ቤቱ ዱሮ የእህል መጋዘን ነበር። መስኮት የለውም፣ አይጥ አይጥ ይሸታል፣ ቁንጫው ለጉድ ነው። ዘጠኝ ሴቶች ነበርን። ከሁሉ የምታሳዝነኝ አንዲት የዳባት ልጅ ነበረች፤ ተማሪ ናት፣ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር። ወፌ ላላ ሰቅለው ገርፈዋት ውስጥ እግሯ ተተልትሏል፤ ደጅ የምትወጣው በቂጧ እየተንፏቀቀች ነው። እጄን ወስዳ ሆዷ ላይ ታደርገውና "እትዬ፣ አለ?" ትለኛለች። "አለ" እላታለሁ። ሌላ ወሬ የለንም።

አንድ ቀን የወረዳው ካድሬ መጣ። የሴቶች በዓል ስለሆነ በገበያው ቀን ሜዳ ላይ ቲያትር ታሳያላችሁ አለን፤ የሴት ጭቆና የሚባል። ነፍሰ ጡሯ ሚስት ሆና እንጨት ተሸክማ ሜዳውን ሦስት ጊዜ ትዞራለች። እኔ ቁመቴ ረዘም ስለሚል ባል ሆኜ በዱላ እየመታሁ እነዳታለሁ። ሕዝቡ ጭቆና ይውደም ይላል፤ በመጨረሻ እሱ መጥቶ ሸክሙን ያወርድላታል።

ልጅቱ መቆም አትችልም አልሁት። ትችላለች አለ፤ ቁስሉ እንዳይታይ ሸራ ጫማ አመጣላት። እንኪያስ እንጨቱን እኔ ልሸከም፣ እሷ ባል ትሁን ስለው ሳቀብኝ።

"ባል ያረግዛል ወይ?" አለኝ።

ገበያው ጢም ብሏል። የወንድ ሱሪ አልብሰው፣ ጋቢ አስደርበው ዱላ አስያዙኝ። አንዱን ዙር ሳንጋምስ ሸራ ጫማዋ በደም ቀላ። እኔ መሬት መሬቱን ነበር የምመታ። ካድሬው ተጠጋና እሷን ምቺ፣ ጠበቅ አድርገሽ አለኝ። ያኔ ልጅቱ ቆመች።

"እትዬ፣ ሆዴ ወረደብኝ" አለች፣ ቀስ ብላ።

ዱላውን ጣልሁት። ገመዱን ከደረቷ ፈትቼ እንጨቱን አወረድሁላት። ጀርባዬን ሰጥቼ ቁጢጥ አልሁና "አሸክሙኝ" አልሁ። እኛ አገር ሴት መንገድ ላይ አሸክሙኝ ካለች አይቶ የሚያልፍ ሰው ነውረኛ ነው። ከሰዉ መሀል ሦስት አራት ሴቶች ብድግ አሉ። ቲያትር ነው፣ አይነካም አላሉም፤ መጥተው አሸከሙኝ። ሌሎቹ ልጅቱን ደግፈው አስቀመጡና እግሯን ሊያሳርፉላት ጫማውን አወለቁት። ውስጥ እግሯን ገበያው ሁሉ አየው።

የቀረውን ዙር እኔ ዞርሁት፣ በሱሪ። ካድሬው ምን ይበል? እሱ ራሱ እኩልነት ሲል ነው የሰነበተ። ስንመለስ ግን ጠጉሬን በምላጭ ላጩኝ፣ እስራቴም ላይ ሁለት ወር ጨመሩብኝ። ልጅቱን ሕዝብ ካያት በኋላ መደበቅ ስላቃታቸው ጤና ጣቢያ ወሰዷት። በደህና ወለደች ሲሉ ሰማሁ፤ ሴት ናት አሉ። ከዚያ ወዲያ አይቻት አላውቅም።

አልፈራሽም ወይ አልኸኝ። ፈርቻለሁ እንጂ። ይኸንንም ጻፈው።

ስፈታ ጎረቤቴ እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ ልትለኝ መጣች። ያን ቀን ገበያ ወርዳ ኖሮ ካሸከሙኝ ሴቶች አንዷ እሷ ነበረች። የተላጨ ራሴን ዳበስ አደረገችና፦

"ወንድ እንጨት ተሸክሞ ያየሁ በዕድሜዬ አንድ ቀን ነው፤ እሱም አንቺ ነበርሽ" አለችኝ።