ባዶ መኪና ያንገጫግጫል

መቱ ጋራዥ ውስጥ ከባለቤቴ ፒክአፕ ሥር ጭነት ከሚሸከመው የብረት ባሌስትራ የተወሰነውን ቀንሰው በአየር የሚነፋ ላስቲክ ገጠሙለት። አየሩ ሽው ሲል ልጅነቴን ያሳለፍኩበት ያዮ ትዝ አለኝ።

ስድስት ዓመቴ ነበር። እናቴን ምጥ ይዟት ሾፌሩ ጋሼ ቶሎሳ ከፒክአፓቸው ኋላ ፍራሽ ላይ አስተኟት።

«ባዶ መኪና ያንገጫግጫታል፤ ከኋላ ውጡና ክበዱልኝ!» አሉ ለጎረቤቶች። «እትዬ ፋጡማ፣ ውፍረትዎ ዛሬ ተፈለገ!»

ሰው በጭንቀቱ መሃል ሳቀ። እኔንም «አንቺም ክብደት ነሽ» ብለው ከኋላ ጫኑኝ። ምጥ የያዛት ሴት አጠገብ ሰው መጫን ለምን እንዳስፈለገ ያኔ አልገባኝም። የእናቴን እግር ይዤ ሄድኩ።

እናቴ መቱ ሆስፒታል በሕይወት ደረሰች፤ ሕፃኑ አልተረፈም።

«ከእንግዲህ ባዶውንም አያንገጫግጭም» አለኝ የጋራዡ መካኒክ ላስቲኩን ነፍቶ ሲጨርስ።

ተመስገን አልኩ። ሳላስበው ግን ከኋላ ወጥቼ ተቀምጬ ነበር።