ሳላነብላቸው ያለፍኩት ምዕራፍ

ቦንጋ የተመደብኩት በ2015 መስከረም ነው። የሒሳብ መምህርት ነኝ፤ የመጣሁትም ከደብረ ማርቆስ። የተከራየሁት ክፍል እትዬ የሻረግ ግቢ ውስጥ ነበር። እትዬ የሻረግ ቦንጋ አጠገብ ማንኪራ ተወልደው ያደጉ፣ ወንድማቸው ጫካ ከሰቀለው ቀፎ የሚያወርደውን ማር ቦንጋ ገበያ የሚሸጡ ሴት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ኮከብ ናት፤ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

ኮከብ አትሰማም። በሦስት ዓመቷ ክፉ ትኩሳት ያዛትና ሲለቃት ጆሮዋን ይዞ ሄደ። ትምህርት ቤት አልገባችም። ከእናቷ ጋር የሚግባቡት በአምስት በስድስት ምልክት ነው፦ ብዪ፣ ነይ፣ ቅጂ፣ ተኚ፣ ተይ። ማር ስታጣራ እጇ የሚያስቀና ነበር። ሰው ሲያወራ ግን ከንፈር ከንፈሩን ስታይ ትቆይና ሲሰለቻት ፊቷን ታዞራለች።

እናትየው ያልሄዱበት የለም። ጅማ ወስደው አስመርምረዋታል፤ ሐኪሙ "በመድኃኒት አይመለስም" አላቸው። ካቶሊክ ቢሆኑም ጠበል አልተዉም፤ አለ የተባለበት ሁሉ በየዓመቱ ያስጠምቋታል። ውሃው ሲወርድባት እየጮኸች ስትታገል አጥብቀው ይይዟት እንደነበር ራሳቸው ነግረውኛል።

ታኅሣሥ ላይ አንድ ቀን ከገበያ መልስ ቀጭን መጽሐፍ ይዘው ወደ ክፍሌ መጡ።

"ቲቸር፣ ዓይኔ ደክሟል፤ የመጽሐፍ አማርኛም ይከብደኛል። አባ ፀጋ ናቸው የሰጡኝ። እስቲ አንብቢልኝ።"

አባ ፀጋ የደብራቸው ካህን ናቸው። መጽሐፉ ስለ ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘሳሌስ ነው፤ ከአራት መቶ ዓመት በፊት የነበረ ጳጳስ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ስሙንም ሰምቼ አላውቅም። አባቱ የሕግ ሰው ሊያደርገው ሲመኝ እሱ ግን ካህን ሆነ። የተላከበት አገር ሰው በር ዘጋበት። እሱም ስብከቱን በወረቀት እየጻፈ በየበሩ ሥር አሾለከው።

እትዬ የሻረግ ሳቁ። "እሱን ባያስገቡት ወረቀቱ ገባላቸዋ!"

ብዙ ቀን አብረን አነበብን። "ማርቲን" የሚል ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ገለጥ ገለጥ አድርጌ አየሁት፤ ስለ አንድ አገልጋይ ነው። የፈተና ወረቀት ተከምሮብኛል፤ እሳቸውም ተአምሩን ነው የሚጠብቁት። ዘለልኩት። ተአምራቱን አነበብኩላቸው፦ ወንዝ ውስጥ ሰምጦ የሞተ ወጣት ሊቀበር ሲል በቅዱሱ ስም ተነሣ ይላል፤ ዓይነ ስውር ሆኖ የተወለደ ሰው በቅዱሱ መቃብር ዘንድ ጸልዮ አየ ይላል። እትዬ የሻረግ ትንፋሻቸውን ውጠው ሰሙ።

የቅዱሱ በዓል ጥር አሥራ ስድስት ነው። ከጥር ስምንት ጀምረው ለኮከብ ጆሮ የዘጠኝ ቀን ጸሎት ያዙ። ጥምቀት መጥቶ ከተማው በሆታ ሲናወጥ እሳቸው ከጸሎታቸው ንቅንቅ አላሉም።

በዓሉ ዕለት ከቅዳሴ ተመልሰው ግቢ ሲገቡ ክፍሌ በር ላይ ቆሜ ነበር። ኮከብ ጀርባዋን ሰጥታ ልብስ ታሰጣለች። እናትየው የድስት ክዳን አነሡና ከኋላዋ በማንኪያ መቱ። ኮከብ አልዞረችም። ደግመው መቱ። ሦስተኛውን በኃይል መቱት፤ ጎረቤት በአጥር አሻግሮ አየ። ኮከብ ነጠላ ዘርግታ ጫፉን ታቃናለች።

ክዳኑን መሬት ላይ አስቀምጠው ቁጭ አሉ።

"ቲቸር፣ ሙት ያስነሣ ሰው አንድ ጆሮ አቃተው?"

የሚያጽናና ቃል ባገኝ ብዬ መጽሐፉን አምጥቼ ስገልጥ ያ የዘለልኩት ምዕራፍ ወጣ። "ማርቲን መስማትም መናገርም የማይችል የቀን ሠራተኛ ነበር" ብሎ ይጀምራል። ፊቴ ጋለ። እዚያው አጠገባቸው ተቀምጬ አነበብኩላቸው። ማርቲን እምነቱን የሚያስተምረው አጥቶ ኖሯል። ጳጳሱ ወደ ቤቱ ወሰደው። በየቀኑ አብሮት እየተቀመጠ በጣት፣ በፊት፣ በእጅ ምልክት እየፈጠረ አስተማረው። ማርቲን ኃጢአቱን በእጁ ተናዘዘ፤ ቆረበ። የጳጳሱ አትክልተኛ ሆኖ ኖረ።

"ጆሮው ተከፈተ?" አሉ እትዬ የሻረግ።

"አልተከፈተም።"

"ያ ቅዱስ አጠገቡ እየኖረ?"

"አዎ፣ እትዬ። አልሰማም።"

"ታዲያ ምን አደረገለት?"

"ቋንቋውን ተማረለት።"

ምዕራፉን ዘልዬው እንደነበር ነግሬ ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

"ተይ ልጄ፤ ያኔ ብታነቢልኝም እኔ ራሴ ጆሮ አልነበረኝም።"

ሰኞ ኮከብን ይዘው መስማት ለተሳናቸው ልጆች ክፍል ወዳለው ትምህርት ቤት ሄዱ። መምህሩ አብዮት ይባላል። ልጅቷን በደስታ ተቀበላት። እሳቸውም ለራሳቸው ቦታ ሲጠይቁ ግራ ገባው።

"እትዬ፣ እርስዎ ይሰማሉ እኮ።"

"እሷ ተምራ እኔ ካልተማርኩ ከማን ጋር ልታወራ ነው?"

ገበያ በሌለበት ቀን ሁሉ ከትንንሽ ልጆች ጋር አጭር አግዳሚ ላይ ይቀመጡ ጀመር። ጣታቸው ደርቆ አልታዘዝ ይላቸዋል፤ ልጆቹ እየሳቁ አንድ በአንድ ያጥፉላቸዋል። ማታ ማታ እኔንም ያስተምሩኝ ነበር።

ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ሦስታችን ቤት ውስጥ ሳለን ኮከብ ድንገት እጇን አነሣች። ቀስ ብላ፣ እንድንከተላት፦ "ያ ሁሉ ቀዝቃዛ ውሃ። ምን አጥፍቼ ነበር?"

መጀመሪያ አልገባንም። ደገመችው። ያን ጊዜ ገባን፤ ጠበሉ ቅጣት መስሏት ኖሯል።

የእትዬ የሻረግ እጅ አየር ላይ ቀረ። እንባቸው እየወረደ መለሱ፦ "ምንም አላጠፋሽም። ድምፄን እንድትሰሚ ፈልጌ ነው።"

"ምን ልትዪኝ?"

"ስምሽን።"

ኮከብ ሳቀች። "እሱንማ አሁን አውቀዋለሁ" አለችና እናቷ ጉያ ገባች።

በዓመቱ ጥር አሥራ ስድስት ኮከብ ቆረበች። አባ ፀጋ መምህር አብዮት ዘንድ ለወራት ተመላልሰው ለኑዛዜ የሚበቃ ምልክት ተምረዋል። ችግሩ፣ ሕዝቡ በተሰበሰበበት የእጅ ኑዛዜ ለሁሉም መታየቱ ነው። ካህኑ ለሕዝቡ ይህንኑ ሲናገሩ መጀመሪያ አንዲት አሮጊት ተነሥተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ ሕፃን አዋቂው፣ እኔም ጭምር፣ ተራ በተራ ዞርን። ኮከብ የምትለውን ሁሉ ብላ ጨረሰች።

ወሬ እግር አለው። ከጥቂት ወር በኋላ ከቢታ ገነት አንዲት ሴት መስማት የማትችል የአራት ዓመት ልጇን አዝላ መጣች። ሴትዮዋ ትሁት ትባላለች።

"እዚህ ቤት ጆሮ ይከፈታል ሲሉ ሰምቼ ነው እትዬ።"

"አረፍ በይ። የእኔ ልጅ ጆሮ አልተከፈተም፤ አልዋሽሽም። ግን ትነግረኛለች፣ እነግራታለሁ። እንዲያውም ስንጣላ መልስ አታጣም።"

ኮከብ ከማር ማሰሮው ተነሥታ እጇን ታጠበችና ትሁት ከጀርባዋ ያወረደቻት ሕፃን ፊት ተንበረከከች። በእንጨት ጫፍ ማር አቀመሰቻት፤ ከዚያ የማርን ምልክት አሳየቻት። ሕፃኗ ትኩር ብላ አየቻት። እንደገና አሳየቻት። በሦስተኛው ልጅቷ ትንሽ እጇን አንሥታ፣ ጣቶቿ እየተምታቱ፣ ማር ጠየቀች።

ትሁት ነጠላዋን አውልቃ ወደ ኮከብ ተጠጋችና እጆቿን ዘረጋችላት። "ለእኔም አሳዪኝ" አለች።