በሕይወት ላለች እህቴ የተጻፈ የሐዘን ደብዳቤ

ማክሰኞ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጥቁር ቀሚስ ለብሼ፣ ነጠላዬን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቄ ከኮልፌ ተነሣሁ። ማንም አልሞተብኝም። ጎጃም ለምትኖረው ታላቅ እህቴ ለእታለም የስኳር መርፌዋን ላደርስላት ነው የምሄደው። የምትኖርበት ከተማ ጤና ጣቢያ ኢንሱሊን ካጣ ወራት አልፈዋል። ጦርነቱ መንገዱን ሲዘጋና ሲከፍት፣ ወደዚያ ሳይቋረጥ የሚደርሰው ጥይት ብቻ ሆኗል።

ጥቁሩ ለምን አስፈለገ? ባለፈው ወር በሹፌር የላክሁትን መድኃኒት ኬላ ላይ አስቀሩት። «ለማን እንደሚሄድ በምን እናውቃለን?» አሉት። የሐኪም ማዘዣ ቢያሳያቸውም ዞር ብለው አላዩትም። መንገደኞችን ስጠይቅ ሁሉም አንድ ነገር ነገሩኝ፤ ለቅሶ የሚሄድ ሰው ብዙ አይፈተሽም፣ የእድር ደብዳቤ ከያዘ ደግሞ ያሳልፉታል። ወደ እድራችን ጸሐፊ ወደ አቶ ግርማ ሄድኩ።

«እህትሽ በሕይወት እያለች? ሟርት አይሆንብሽም፣ ዘነቡ?» አሉኝ።

«ሟርቱስ መድኃኒት መከልከሉ ነው። ይጻፉልኝ።»

ቅር እያላቸው ጻፉ። «አባላችን እህታቸው ስላረፉባቸው ወደ ትውልድ ስፍራቸው የሚጓዙ መሆኑን እየገለጽን...» ይላል። ክቡን ማህተም ሲመቱበት ዓይኔን ጨፈንኩ።

ዓባይ በረሃ

ፍቼ ላይ ለቁርስ ከአውቶቡስ ወረድን። የፍርፍሩ ዋጋ ካለፈው ጉዞዬ እጥፍ ሆኗል፤ እኔ ግን ስለ በረዶው እየተጨነቅሁ አልበላ አለኝ። መድኃኒቱ በረዶ ባለበት ፔርሙዝ ውስጥ ነው፤ ፔርሙዙ ደግሞ ከረጢት ውስጥ ለንፍሮ ተብሎ በተያዘ ስንዴና ባቄላ ተቀብሯል። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ በመስኮት እየገባ ፊታችንን ጠበሰው። በየመታጠፊያው ከረጢቱን በነጠላዬ እሸፍናለሁ።

ድልድዩን አልፈን ዳገቱን እንደጨረስን ኬላ ላይ አስወረዱን። ከፊቴ የተሰለፉ አንድ አባት የልጃቸውን የአስም መድኃኒት ይዘው ነበር። ወሰዱባቸው። ሽማግሌው «ኧረ ልጄ ትንፋሽ ያጥራታል!» እያሉ ለመኑ፤ የሰማቸው የለም። ተራዬ ደረሰ። መሣሪያ ያነገተው ወጣት ደብዳቤዬን አንብቦ ኮፍያውን አወለቀ።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ እናቴ። ይለፉ።»

«አሜን» አልኩ፤ ውስጤ ግን በንዴት ይቃጠል ነበር። ጨዋ ልጅ ነው፣ ያሳደገው ሰው አለ። እታለም ሞታለች ስለው አዘነ፤ ታማለች ብዬው ቢሆን ኖሮ መድኃኒቷን ይቀማኝ ነበር። ለሞት መድኃኒት የለውም ይባላል። የእህቴ ሞት መድኃኒት ነበረው፤ ያጣው መንገድ ነው!

እታለም ቤት

ከመናኸሪያው በባጃጅ ደረስኩ። እታለም ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች፤ ከስታ ቀሚሷ ሰፍቷታል። ጥቁሬን ስታይ ደነገጠች።

«ማን ሞተ?»

«አንቺ» አልኳት። ነገሩን ስነግራት እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

በማግስቱ መድኃኒቱን በቀዝቃዛ ቦታ ለማስቀመጥ ፔርሙዙን ይዘን አብረን ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሷ ሲስተር ብርቱካን ማቀዝቀዣውን ከፍታ አሳየችን። መብራት ስለሌለ የካርድ መዝገብ ተደርድሮበታል። እሷ መድኃኒት የምታቆየው እርጥብ አሸዋ ባለበት ገንቦ ውስጥ ነው። አልጋው ላይ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ተኝታለች፤ ሰላም ትባላለች። የእታለም ዓይነት በሽታ አለባት፣ መርፌ ካገኘች ግን ቀናት አልፈዋል። እናቷ ፔርሙዙን ብቻ ያዩ ነበር።

ያመጣሁት ለሁለት ወር የሚበቃ ነው። እታለም ግማሹን አውጥታ ለነርሷ ሰጠቻት።

«እንዴ! እኔ እኮ የዋሸሁት ላንቺ ብዬ ነው!» ብዬ ጮኽኩ።

«ሞታለች ብለሽ የለ? ውርሴን ለፈለግሁት ልስጥ እንጂ።»

የተናደድኩት በእሷ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ሁለት በሽተኞች የአንድ ሰው መድኃኒት እንዲካፈሉ ያደረጉት እዚያ አልነበሩም።

ኮልፌ

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ኮልፌ ፌርማታ ወርጄ ወደ ቤቴ ስሄድ፣ በሬ ላይ የእድሩ ድንኳን ተተክሏል። ሴቶቹ ሲያዩኝ «እህቴን! እህቴን!» እያሉ ለቅሶውን አቀለጡት። አቶ ግርማ ጥግ ይዘው አንገታቸውን ደፍተዋል። የደብዳቤውን ቅጂ ዶሴ ውስጥ ትተውት ኖሮ፣ የእድሩ ዳኛ አቶ ሽፈራው አግኝተውት ጥሩንባ አስነፍተዋል።

«አልሞተችም!» አልኩ። ለቅሶው ቀጥ አለ። ኬላውን፣ የሽማግሌውን ልመና፣ ሰላምን፣ ሁሉንም ቆሜ ተናገርኩ።

አቶ ሽፈራው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንኳን አልሞተች። እንግዲህ ድንኳኑ ይነቀል። ደንባችን ለሞት ነው እንጂ ለሕመም አይደለም።»

ይህን ለመማር ጎጃም ድረስ መሄድ አያስፈልገኝም ነበር። ኬላው ላይ የናቅሁት ሕግ የገዛ እድሬም ሕግ ነው፤ እኔም ስንት ዓመት አዋጥቼበታለሁ።

«አይንቀሉት አቶ ሽፈራው» አልኳቸው። «መድኃኒቱ የቀረው ለአንድ ወር ነው። ከወር በኋላ ለሁለት ሰው ልትተክሉት፣ አሁን ምን አደከማችሁ?»

ካስማውን ሊነቅል ያጎነበሰው ጎረቤቴ ቀና አለ። ሴቶቹም ከአግዳሚው አልተነሡም።