አባ የያዙት የይለፍ ቃል

ወንድሜ ከሞተ በሦስተኛው ወር ላፕቶፑን ከፈትሁት። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ሞክሬ ክዳኑን መልሼ ዘግቼዋለሁ። አሁን ግን ነሐሴ ገብቷል። መስከረም ሳይጠባ ማለቅ ያለበት ሥራ ነበር።

ወንድሜ አንድ የስልክ አፕ ሠርቶ ነበር። አጽዋማትንና በዓላትን ያሳያል፤ ሰውም የራሱን ቀን ይመዘግብበታል፣ የማኅበር ተራውን፣ የዘመዱን ሙት ዓመት። እኛ ደብረ ማርቆስ ያለነው ብቻ ሳንሆን ይጁቤና ደምበጫ ድረስ የሚጠቀሙበት ነበሩ። የየዓመቱን ቀን ኮምፒውተሩ እንዲያሰላው ማድረግ ይችል ነበር። እሱ ግን ከአንድ መሪጌታ ጋር ቁጭ ብሎ ካመሳከረ በኋላ በእጁ ያስገባው ነበር። ማሽን ሲሳሳት አያፍርም ይል ነበር። ስለዚህ አፑ ከጳጉሜን ወዲያ ባዶ ነው። እኔም መሪጌታው ዘንድ ሄጄ የመጪውን ዓመት ጽፌ መጣሁና አስገባሁት። እስከዚህ ቀላል ነበር።

ስልክ አንድን አፕ የሚያድሰው አዲሱ እንደ ማኅተም በሚያገለግለው በድሮው ዲጂታል ቁልፍ ከተፈረመ ብቻ ነው። ቁልፉ፣ የማን እንደሆነ ከሚናገረው ሰርተፊኬት ጋር፣ አንድ ፋይል ውስጥ በይለፍ ቃል ተቆልፎ ይቀመጣል። ወንድሜ ያን ፋይል ማኅደር ይለው ነበር፣ ዳዊት እንደሚያዝበት የቆዳ ማኅደር። ካልተከፈተልኝ በሌላ ቁልፍ መፈረም እችላለሁ። ግን ስልኮቹ እንደ ባዕድ ያዩታል፤ ሰዉ የድሮውን ማጥፋት ይኖርበታል፤ የመዘገበው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። የወንድሜም ስም ከሥራው ላይ ይነሣል። እኔን የበለጠ ያስጨነቀኝ ይኸኛው ነበር፣ እውነቱን ለመናገር።

ወንድሜ ሥራውን ይመዘግብበት በነበረው ደብተር ላይ ሁሉም ነገር በተራ ተጽፏል። በይለፍ ቃሉ ቦታ ግን «አባ ያውቁታል» ይላል።

አባ የቤታችን የነፍስ አባት ናቸው። ሄጄ ስጠይቃቸው አልካዱም። ወንድሜ ለሕክምና አዲስ አበባ ከመሄዱ በፊት መጥቶ፣ እንደ ተማሪ እየደጋገመ አስጠንቷቸው ነበር። ሦስት ጊዜ በቃላቸው ሲሉለት ከሰማ በኋላ ነው የተነሣው።

«ታዲያ ይንገሩኛ፣ አባ» አልሁ።

«ይያዙልኝ ነው ያለኝ። ይስጡልኝ አላለም።»

«ኃጢአት አይደለም እኮ፤ የኮምፒውተር ነገር ነው።»

«ኃጢአት የሆነውንና ያልሆነውን አንተ መለየት የጀመርኸው ከመቼ ወዲህ ነው?»

ለነፍስ አባት የተነገረ ነገር እንደማይወጣ አስረዱኝ። ተናድጄ ሳልሰናበታቸው ወጣሁ። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ራሳቸው በባጃጅ መጡ። እንደማይነግሩኝ፣ ነገር ግን በራሳቸው ጣት ቢጽፉት ነገሩኝ እንደማይባል አስበው ነው የመጡት። ቀሪውን እኔ እንድጨርሰው አሉኝ። እናቴ ቆሎ አቀረበችላቸው፤ እኔ ከወንድሜ የድሮ ሥራዎች እየገለበጥሁ አጭር ኮድ ጻፍሁ። ኮዱ የይለፍ ቃሉን ይጠይቃል፣ ሲጻፍ አያሳይም፣ ማኅደሩን ይከፍታል፤ ቁልፉንና ሰርተፊኬቱን አውጥቶ በእኔ የይለፍ ቃል ወደሚዘጋ አዲስ ማኅደር ያዛውራል። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ብቻ ለጨረሰ ሰው ቀላል አልነበረም። እሳቸውም ሳያጣድፉኝ ጨረስሁ።

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ። አባ በከንፈራቸው እያነበነቡ አንድ ፊደል ይፈልጋሉ፣ ይጫናሉ፣ ደግሞ ይፈልጋሉ።

«ምንም አይጽፍም እኮ ይሄ።»

«ይጽፋል አባ፤ እንዳይታይ ነው።»

«እሱም ምስጢር ይጠብቃል በለኛ» አሉ። እናቴ ሳቀች። ከቀብሩ ወዲህ ስትስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ማኅደሩ አልተከፈተም። ፋይሉ ተነካክቷል ወይም የይለፍ ቃሉ ስሕተት ነው የሚል መልእክት ወጣ። ሳነብላቸው አባ የፊተኛውን ብቻ ያዙና እኔ ምኑን ነካሁት ብለው ተቆጡ። እንደገና ጻፉ። ያው ሆነ። ምን ጻፉ ብዬ መጠየቅ አልችልም፤ ስለዚህ ከፊደልና ከቁጥር ሌላ የነኩት ነገር እንዳለ ብቻ ጠየቅኋቸው። ከኪቦርዱ ታች ያለውን፣ በቃላት መካከል ክፍተት የሚሰጠውን ረጅሙን ቁልፍ በጣታቸው አሳዩኝ።

«ይህማ ማረፊያው ነው። ቃል ሲያልቅ ይታረፋል።»

ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲያነቡ እንዲህ ነው የኖሩት። ወንድሜ ያስጠናቸው በቃል ብቻ ስለሆነ፣ የት እንደሚያርፉ አላየም። እኔም ይህ ቃል ማረፊያ እንደሌለው፣ በአንድ ትንፋሽ የሚነገር እንደሆነ ነገርኋቸው። «አስቸጋሪ ልጅ» አሉ፤ እኔን ይሁን እሱን አላውቅም። በሦስተኛው ተከፈተ።

ሰርተፊኬቱ ስክሪኑ ላይ ወጣ። የወንድሜ ሙሉ ስም፣ ከሥሩ ደብረ ማርቆስ። የሚያገለግልበትን ዘመን ሠላሳ ዓመት አድርጎታል። ለአባ አነበብሁላቸው። ስሙ አሁን በእኔ ይተካ እንደሆነ ጠየቁኝ። አይተካም፣ በዚህ ቁልፍ እስከተፈረመ ድረስ የእሱ ነው፣ እኔ ያዥ ብቻ ነኝ አልኋቸው። «ደግ ነው» ብለው ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

አዲሱን አፕ ፈርሜ መጀመሪያ የጫንሁት እናቴ ስልክ ላይ ነው። ፊርማው ባይመሳሰል እምቢ ይል ነበር። ተቀበለ። የመዘገበችው ይኑር አይኑር ለማየት የሙት ዓመት ዝርዝሯን ከፈትሁት። አባታችን አለ። ሁለቱ አክስቶቼ አሉ። ከሁሉም በታች ወንድሜ አለ። መቼ እንዳስገባችው አላውቅም፤ ለእኔ አልነገረችኝም። ከሳምንት በፊት እንዲያስታውሳትም አዝዛዋለች።

ስልኩን እንደያዝሁ ጎንበስ ብላ አየችው።

«ለጠላው ሳምንት አይበቃም» አለችኝ። «ሁለት አድርግልኝ።»

አደረግሁላት።